ሼፕፋይል በአገራችን ካርታ ላይ፤ አጭር ትችት

መጽሐፍ ሲታተም ትችት ይጻፍበታል፤ ካርታም ሲወጣ አልፎ አልፎ አስተያየት ይሰጥበታል። ካርታው ተጽፎ የተቀመጠበት የፋይል ዓይነት ግን ዝም ተብሎ ይታለፋል። ምክንያቱም ፋይል መያዣ እንጂ ዕቃው ራሱ አይደለም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን ነው። መያዣው የማይችለውን ነገር ዕቃው ይዞት ሊመጣ አይችልም፤ ከመያዣው ውስጥ ሳይገባ የቀረውንም ነገር ካርታውን የሚከፍተው ሰው ከራሱ እየገመተ ይሞላዋል።

ለምርመራ የመረጥነው ሼፕፋይል የተባለውን የካርታ ፋይል ነው። የመልክዐ ምድር መረጃ ሥርዓት፣ በተለምዶ ጂ-አይ-ኤስ የሚባለውን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ልምምድ አንድ ሼፕፋይል ወደ ፕሮግራሙ ማስገባት ነውና። ተማሪው ፋይሉን ይመርጣል፤ ጨምር የሚለውን ትእዛዝ ይጫናል፤ የአገሩም መልክ ከመስተዋቱ ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ወደሚቀጥለው ልምምድ ይታለፋል። ካርታው ስለ ተከፈተ ብቻ ትክክል ነው ተብሎ ይወሰዳል።

የክርክራችን ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጮኾ የሚታይ ስሕተት እምብዛም አይጎዳም፤ ባለቤቱ ወዲያው ያየዋልና ያርመዋል። ዝም ብሎ የሚገባ ስሕተት ግን ይጎዳል። ሼፕፋይል በአሠራሩ ለዝምተኛ ስሕተት በር የሚከፍት ነው፤ ይህም በአገራችን ካርታ ላይ በተለይ በሁለት በኩል ይከብዳል፤ አንደኛው በቦታ፣ ሁለተኛው በስም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ሰነዱና መልካም ጎኑ

ተቺ የሚተቸውን ነገር አስቀድሞ በሚገባ ማመስገን ይገባዋልና ከዚያ እንጀምራለን። ሼፕፋይልን ያወጣው በ1969 በካሊፎርኒያ በሬድላንድስ ከተማ የተቋቋመው ኤስሪ የተባለው ድርጅት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አርክቪው ከተባለው ፕሮግራሙ ጋር አብሮ ወጣ። በሐምሌ 1998 ድርጅቱ የፋይሉን ውስጣዊ አሠራር ባይት በባይት የሚዘረዝር ቴክኒካዊ መግለጫ አሳተመ። ከዚህ ቀደም የነበረው ከቨሬጅ የተባለው የዚሁ ድርጅት የካርታ ፋይል የውስጥ አሠራሩ እንዲህ ለሕዝብ አልተገለጸም ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ፕሮግራም አዘጋጅ የድርጅቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ሼፕፋይልን የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም ለመሥራት ቻለ።

የዚህ ልግስና ጥቅም ቀላል አይደለም። በከፍተኛ ዋጋ የተገዛ ፕሮግራም ያለው መሥሪያ ቤትና በነጻ የሚገኘውን ኪው-ጂ-አይ-ኤስን የሚጠቀም ተማሪ አንዱን ካርታ ለሁለት ሊያነቡት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ፋይሉ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው ከሌሎቹ የበለጠ ስለ ሆነ ሳይሆን የተገለጠ ስለ ሆነ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አሁን ወደ ሰነዱ ይዘት እንግባ። አንድ ፋይል ብለን የምንጠራው ሼፕፋይል በእርግጥ ቢያንስ ሦስት ፋይሎች ነው። አንደኛው «ኤስ-ኤች-ፒ» ቅርጾቹን፣ ማለት ነጥቦችን፣ መሥመሮችንና ክልሎችን ይይዛል። ሁለተኛው «ኤስ-ኤች-ኤክስ» ቅርጾቹ በየት በየት እንዳሉ የሚያመለክት ማውጫ ነው። ሦስተኛው «ዲ-ቢ-ኤፍ» ስለ እያንዳንዱ ቅርጽ የሚነገረውን ነገር፣ ማለት ስሙን፣ ቁጥሩንና ዓይነቱን በሰንጠረዥ ይይዛል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ስም ይዘው በአንድ ቦታ መቀመጥ አለባቸው።

ሰነዱ ከዚህ አልፎ ጥቃቅኑን ሁሉ በትጋት ይነግረናል። የፋይሉ ራስጌ 100 ባይት መሆኑን፣ የፋይሉ መለያ ቁጥር 9994 መሆኑን፣ የአንድ ክልል የውጭ ወሰን እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር መቆጠር እንዳለበት፣ ይህን ሁሉ ይገልጻል። የሚያስደንቀው ግን ያልተናገረው ነው። ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚጻፉ ይናገራል እንጂ ቁጥሮቹ ከምን ተነሥተው እንደ ተለኩ የሚጻፍበት ቦታ በሦስቱ ፋይሎች ውስጥ አላዘጋጀም። ይህ ማለት አንድ ሰው ርቀቱ 500 ነው ብሎ ከየት እንደ ተነሣ ሳይናገር እንደ መሄድ ነው። ከጊዜ በኋላ ይህንን ጉድለት ለመሙላት «ፒ-አር-ጄ» የተባለ አራተኛ ፋይል ታከለ፤ ነገር ግን ከሦስቱ ግዴታዎች ጋር አልተቆጠረም። ቢጠፋም ካርታው ይከፈታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

ለ. ስለ ቦታ

ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም። በካርታ ሥራ ቅርጿን ለመወከል ኤሊፕሶይድ የተባለ በወገብዋ ጥቂት ሰፋ ያለ ቅርጽ ይወሰዳል፤ ይህም ቅርጽ ከምድር ጋር የሚያያዝበት አኳኋን ዳተም ይባላል። ዳተሙ ሲለወጥ የአንድ ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስም ይለወጣል፤ ቦታው ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም።

የአገራችን የቆዩ 1:50,000 ካርታዎች የተመሠረቱበት ዳተም አዲንዳን ይባላል። ስሙን ያገኘው ከግብፅና ከሱዳን ወሰን አጠገብ ከሚገኝ የመለኪያ ነጥብ ነው። ወደ አገራችን የመጣውም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓባይ ተፋሰስ ላይ በተደረገው የቅየሳ ሥራ ነው። አዲንዳን ክላርክ 1880 የተባለውን የምድር ቅርጽ ይከተላል፤ በዚህም መሠረት የምድር ወገብ ግማሽ ስፋት 6,378,249 ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክና ሳተላይትን የሚከተለው መለኪያ ሁሉ የሚጠቀምበት ደብሊው-ጂ-ኤስ 84 ደግሞ 6,378,137 ሜትር ነው ይላል። የሁለቱ ማዕከልም አንድ አይደለም።

ከዚህ የሚወጣውን ልዩነት በቁጥር ለማሳየት የአዲስ አበባን አካባቢ እንውሰድ። ዩ-ቲ-ኤም በተባለው የሜትር አቆጣጠር የአንድ ቦታ ቁጥር በአዲንዳንና በደብሊው-ጂ-ኤስ 84 ሲጻፍ ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር ያህል፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 205 ሜትር ያህል ይለያያል። በጠቅላላው ከ220 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከቆየ ካርታ ላይ የተቀዳ ምንጭ ወይም ጉድጓድ የአዲንዳን ቁጥሩን ይዞ እንደ ደብሊው-ጂ-ኤስ 84 ቢገባ ከእውነተኛው ቦታው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል።

220 ሜትር ምን ያህል ነው? በ1:50,000 ካርታ ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ዓይን ይታያል። በ1:1,000,000 ካርታ ላይ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ከአንድ የመሥመር ውፍረት አይበልጥም። ተማሪው በመስተዋቱ ላይ መላውን አገር ሲያይ ካርታው ልክ ይመስለዋል። ወደ መሬት ሲወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሄክታር የሆነ አራት ማዕዘን ማሳ በእያንዳንዱ ጎኑ 100 ሜትር ነው። እንግዲህ በ220 ሜትር የተሳሳተ ካርታ የአንዱን ገበሬ ማሳ ከሁለት ማሳ በላይ ወዲያ ወስዶ በጎረቤቱ ጎረቤት መሬት ላይ ያሳርፈዋል። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው፣ የመንገድ ካሳ የሚቆጥረው ሰው፣ የወሰን ክርክር የሚዳኘው ሰው ይህንን ካርታ ይዞ ቢሄድ ጉዳቱ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ይህንን ከጯሂ ስሕተት ጋር ማወዳደር ጠቃሚ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ ተለዋውጠው ቢገቡ አዲስ አበባ ከሰርዲንያ ደሴት በስተደቡብ በሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ትወድቃለች። ያየ ሁሉ ይሥቃል፤ ወዲያው ይታረማል። ሌላም ምሳሌ አለ። አገራችን በዩ-ቲ-ኤም ሦስት ዞኖች፣ በ36፣ በ37ና በ38 ላይ ትዘረጋለች። ድሬዳዋ በዞን 37 ስትሆን ሐረር የ42 ዲግሪን መሥመር ጥቂት ስለምታልፍ በዞን 38 ናት። የሐረርን ቁጥር እንደ ዞን 37 አድርጎ ያስገባ ሰው ሐረርን ከነቀምት በስተምዕራብ ወለጋ ውስጥ ያገኛታል። ይህም ይጮኻል። የአዲንዳን ስሕተት ግን አይጮኽም። ከተማው ከከተማው ላይ፣ ወንዙም ከሸለቆው አጠገብ ያለ ይመስላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ እኛም ራሳችን ሠርተነዋል። ፋይሉ ያለ «ፒ-አር-ጄ» ሲመጣ ፕሮግራሙ እንደ አሰናዳዱ ወይ ይጠይቃል፣ ወይ የሥራውን ዳተም ራሱ ይሰጠዋል፣ ወይ ያልታወቀ ብሎ ይተወዋል። ያን ጊዜ ተማሪው ካርታው ከሌላው ካርታ ጋር እንዲገጥም ብሎ ደብሊው-ጂ-ኤስ 84 የሚለውን ስም ይሰጠዋል። ስም መስጠትና መለወጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በግዕዝ መጽሐፍ ሽፋን ላይ አማርኛ ብሎ መጻፍ መጽሐፉን አይተረጉመውም። መጀመሪያ ፋይሉ በእውነት የሆነውን፣ ማለት አዲንዳን ዞን 37 የሚለውን፣ በመዝገብ ቁጥሩ 20137 የሚባለውን ስም መስጠት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወደ 32637፣ ማለት ወደ ደብሊው-ጂ-ኤስ 84 ዞን 37 እንዲለወጥ ማዘዝ ነው። ለመለወጫውም ለኢትዮጵያ የተወሰኑት ሦስት ቁጥሮች -165፣ -11ና 206 ሜትር ናቸው። ፕሮግራሙ ለአካባቢው አገሮች በአማካይ የተሠራውን -166፣ -15ና 204 የሚለውንም ሊያቀርብ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሜትር አይሞላም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱንም መተው ግን 220 ሜትር ነው።

ሐ. ስለ ስም

ካርታ ያለ ስም ግማሽ ካርታ ነው። ስሞቹ የሚቀመጡበት «ዲ-ቢ-ኤፍ» የተባለው ሰንጠረዥ በ1980ዎቹ የታወቀው ዲ-ቤዝ የተባለው የመዝገብ ፕሮግራም ልጅ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ይህ በቂ ነው። የእኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው፤ የሼፕፋይል መግለጫ ከታተመ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰነዱን የጻፉት ሰዎች የእኛን ፊደል ንቀው ተዉት አንልም፤ በጊዜው የሚያስቀምጡበት ስፍራ አልነበራቸውም። ጥያቄያችን ዛሬም በዚያው ስፍራ ለምን እንደምናስቀምጠው ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ዛሬ በተለመደው ዩ-ቲ-ኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል። የሼፕፋይል የዐምድ ስም ግን ከ10 ባይት አይበልጥም። 10ን ለሦስት ብናካፍል ሦስት ፊደል ይደርሰናል። ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ከተማ፣ ወንዝ የሚሉት ቃላት ሦስት ሦስት ፊደል ስለ ሆኑ በዕድል ይገባሉ። የወረዳ ስም የሚለው ግን 19 ባይት ነውና አይገባም። የሕዝብ ብዛት የሚለውና የሕዝብ ቁጥር የሚለው ሁለት ዐምዶች ቢኖሩ ከሁለቱም የሚተርፈው «የሕዝ» ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙም ለመለየት ሲል የራሱን ቁጥር ይለጥፍባቸዋል። ከአንድ ወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደ ነበረ ባለቤቱም አያስታውስም።

በሰንጠረዡ ውስጥ ያሉት ስሞችም እንዲሁ ናቸው። የአንድ የጽሑፍ ዐምድ የመጨረሻ ስፋት 254 ባይት ስለ ሆነ 84 ፊደል ይይዛል፤ ይህ ለቦታ ስም ይበቃል። አደጋው ዐምዱ በጠባቡ ሲሠራ ነው። ደብረ ማርቆስ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 12 ምልክት ነው፤ ስለዚህ 20 የሆነ ስፋት እጅግ በቂ ይመስላል። በእኛ ፊደል ግን ደብረ ማርቆስ 22 ባይት ነውና «ደብረ ማርቆ» ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ፊደሉ በምን አጻጻፍ እንደ ተጻፈ የሚናገረው ምስክር ሲጠፋ ነው። ይህ ምስክር «ሲ-ፒ-ጂ» የተባለ ሌላ ትንሽ ፋይል ነው፤ እርሱም እንደ «ፒ-አር-ጄ» ሁሉ ግዴታ አይደለም። እርሱ ከሌለና ፕሮግራሙ ጽሑፉን እንደ ምዕራብ አውሮፓ ፊደል ካነበበው ወረዳ የሚለው ሦስት ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። የእያንዳንዱም ፊደል መነሻ ራሱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ነው። ይህንን መልክ ያላየ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ጓደኞቻችን በጥብቅ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው አንድ ልዩነት አለ። እነዚያ እንግዳ ምልክቶች መልካቸው ቢያስፈራም የሚድኑ ናቸው፤ ባይቶቹ አልጠፉምና ለፕሮግራሙ ዩ-ቲ-ኤፍ-8 ነው ብሎ መንገር ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ያው ሰንጠረዥ ግዕዝን በማያውቅ አጻጻፍ እንደ ገና ከተቀመጠ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የጥያቄ ምልክት አይድንም። ከበስተኋላው ምንም የለም። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ሲያይ ደንግጦ ለማስተካከል ይነካካና ፋይሉን በላዩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በዚህም የታመመውን ሊያድን ሲል ይገድለዋል።

ይህንን በመፍራት ብዙ ሰዎች ስሞቹን በላቲን ፊደል መጻፍ መርጠዋል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በራሱ ሥርዓት የተጻፈ የኦሮምኛ ስም ምንም አይጎድልበትም። በግዕዝ ፊደል የሚጻፉት የአማርኛና የትግርኛ ስሞች ግን ያለ አንድ የተወሰነ ሕግ ወደ ላቲን ሲገለበጡ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ፣ ጨ ከቸ ጋር ይቀላቀላሉ። ጣናን ታና ብሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ስለሚገለብጥ ሁለት ሰንጠረዦች በስም ሊገናኙ አይችሉም።

እውነቱን ለመናገር በራሳችን ፊደልም ቢሆን ከዚህ ችግር ነጻ አይደለንም። ሐረር በሐመሩ ሐ፣ ሀረር በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ይህ የሼፕፋይል ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የአጻጻፍ ሥራ ነው። መድኃኒቱም ለእያንዳንዱ ቦታ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ሰንጠረዦችን በቁጥሩ ማገናኘት፣ ስሙን ግን ለአንባቢ በሚገባ አጻጻፉ ማስቀመጥ ነው።

መ. ስለ ተራና ስለ ወሰን

ሁለት ሌሎች ነገሮችን በአጭሩ ጠቅሰን እናልፋለን። አንደኛው፣ ቅርጹና ስሙ የሚገናኙት በተራ ቁጥራቸው ብቻ ነው፤ አምስተኛው ቅርጽ የአምስተኛው መሥመር ባለቤት ነው። አንድ ሰው «ዲ-ቢ-ኤፍ»ን በሰንጠረዥ ማዘጋጃ ፕሮግራም ከፍቶ ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሮ ቢያስቀምጥ ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቅርጾቹ ባሉበት ይቀራሉ። በማግሥቱ ካርታው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይከፈታል፤ ወረዳዎቹ ግን ስም ተለዋውጠዋል።

ሁለተኛው፣ ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች የሚካፈሉት አንድ ወሰን በሼፕፋይል ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በአንደኛው በኩል አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው በኩል ሌላ ጊዜ ይጻፋል። ሰነዱ ይህንን የሚያቀርበው ካርታው ቶሎ እንዲሳልና በቀላሉ እንዲታረም ያስችላል በማለት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ ወገን ሲታረም ሌላው ካልታረመ በመካከላቸው የማንም ያልሆነ ቀጭን መሬት፣ ወይም የሁለቱም የሆነ መሬት ይፈጠራል። የወሰን ነገር በቀላሉ በማይታይበት አገር ይህ ለማለፍ የሚገባ ጉድለት አይደለም።

ሠ. ጥፋቱ የማን ነው?

እስከ አሁን ያልነውን ያነበበ አንድ መምህር እንዲህ ብሎ ሊመልስልን ይችላል፤ ይህ ሁሉ የፋይሉ ሳይሆን የተጠቃሚው ጥፋት ነው፤ «ፒ-አር-ጄ»ውን የጠበቀ፣ «ሲ-ፒ-ጂ»ውን ያልጣለ፣ ሰንጠረዡን ያልነካካ ሰው አንድም ችግር አይደርስበትም። መልሱ ተገቢ ነው፤ ከፊሉንም እንቀበላለን። ጠንቃቃ ሠራተኛ በሼፕፋይልም መልካም ካርታ ይሠራል፤ ሲሠራም ኖሯል።

ሆኖም የአንድ መሣሪያ ደግነት የሚለካው በጠንቃቃ ሰው እጅ ብቻ አይደለም። ፋይል ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ነው። የሠራው ሰው ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ፋይሉ ግን ይቀራል። ሠሪው በልቡ ያወቀውን ነገር ፋይሉ ካልያዘው ዕውቀቱ ከሰውዬው ጋር ይሄዳል። በአሥረኛው እጅ ላይ የሚደርሰው ተማሪ ቁጥሮችን ብቻ ይቀበላል። እንግዲህ ሼፕፋይልን የምንነቅፈው የተሳሳተ ነገር ስለሚናገር ሳይሆን አላውቅም ማለት ስለማይችል ነው። ዳተሙ ሲጠፋበት ምንም እንዳልጎደለው ሆኖ ይከፈታል።

ይህንን ለማመዛዘን በ2014 ዓለም አቀፉ የካርታ መረጃ ደንብ አውጪ ማኅበር ያጸደቀውን ጂኦፓኬጅ የተባለውን ፋይል እንመልከት። ሁሉንም በአንድ ፋይል ይይዛል፤ ጽሑፉ በዩኒኮድ ስለ ሆነ ፊደላችን ያለ ምስክር ይኖርበታል፤ የዐምድ ስምም በ10 ባይት አይታነቅም። እኛን ከሁሉ የበለጠ ደስ ያሰኘን ግን ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ጂኦፓኬጅ ውስጥ የዳተም ሰንጠረዥ መኖር ግዴታ ነው፤ በዚያም ሰንጠረዥ ውስጥ 0ና -1 የተባሉ ሁለት መሥመሮች ዳተሙ አልተወሰነም ለማለት ተዘጋጅተዋል። አለማወቅን በጽሑፍ የሚያስመዘግብ ፋይል ማለት ነው። ኪው-ጂ-አይ-ኤስም በ2018 ከወጣው ከሦስተኛው እትሙ ጀምሮ ይህንኑ የመጀመሪያ ምርጫው አድርጎታል።

ነገር ግን አዲሱን በማወደስ አሮጌውን ስሕተት እንዳንደግም እንጠንቀቅ። ጂኦፓኬጅ ዳተም እንዲጻፍ ያስገድዳል እንጂ እውነተኛው ዳተም እንዲጻፍ ሊያስገድድ አይችልም። አዲንዳን የሆነውን ካርታ ደብሊው-ጂ-ኤስ 84 ነው ብሎ ያስቀመጠ ሰው ስሕተቱን ከቀድሞው ይልቅ በደንብ አሽጎ ያስተላልፈዋል።

ረ. ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ አቅርቦ መቀመጥ ተገቢ ስላልሆነ፣ ያለ ገንዘብ ሊፈጸሙ የሚችሉ ጥቂት አሳቦችን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የመጣ ፋይል ከመከፈቱ በፊት ግልባጩ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሥራውም በሌላው ግልባጭ ላይ ይሁን። የጥያቄ ምልክት የሆነ ስም የሚመለሰው ካልተነካው ግልባጭ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ከካርታው ላይ የታወቀ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ ድልድይ፣ የመንገድ መገናኛ ወይም ቤተ ክርስቲያን ተመርጦ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ጋር ይመዛዘን። ልዩነቱ 220 ሜትር ያህል ሆኖ ካርታው ወደ ደቡብ ምዕራብ ካዘነበለ አዲንዳን ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ምርመራው ከአምስት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ሦስተኛ፣ የራሳችን ሥራ በጂኦፓኬጅ ይቀመጥ፤ ሼፕፋይል የሚሠራው ለሚጠይቅ ሰው ለመስጠት ብቻ ይሁን። በሚሰጥበትም ጊዜ «ፒ-አር-ጄ»ና «ሲ-ፒ-ጂ» ከሦስቱ ጋር ታሽገው ይሂዱ።

አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር አንድ ገጽ የፋይሉ ታሪክ ይጻፍ፤ ከየትኛው ካርታ እንደ ተቀዳ፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን መጠን፣ በየትኛው ዳተም፣ ማን እንዳረመው። ዳተሙ ካልታወቀ አልታወቀም ተብሎ ይጻፍ። ይህንን ገጽ መምህራኖቻችን ከካርታው ጋር አብረው እንዲጠይቁንና ነጥብም እንዲሰጡበት በትሕትና እናሳስባለን። ተማሪ ነጥብ ለሚያገኝበት ነገር እንደሚጠነቀቅ ከራሳችን እናውቀዋለንና።

የቀድሞዎቹ ቀያሾች ተራራ ለተራራ እየወጡ በብዙ ድካም የለኩት ቁጥር ዛሬ በአንዲት ትእዛዝ ወደ መስተዋታችን ይገባል። የእነርሱ ቁጥር ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። የሚያሳስተው ቁጥሩን ተቀብለን ከየት ተነሥታችሁ ለካችሁት ብለን ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሰጠነው ሒሳብ በአዲስ አበባ አካባቢ ላይ ብቻ የተመሠረተ ስለ ሆነ በጋምቤላ፣ በጅጅጋና በሌሎችም ቦታዎች የሚኖረውን ልዩነት ሌሎች ጓደኞቻችን አስልተው በሚቀጥለው እትም ቢያቀርቡልን፣ ስሕተት ቢያገኙብንም ቢያርሙን፣ ደስታችን ከፍ ያለ ይሆናል።